የወረቀቱ ጀርባ

ቬዝኖላ፣ ኖቬምበር 8 ቀን 1953

ለወንድሜ ልጅ ለሊቺኒዮ፣ ቦነስ አይረስ ላለኸው፤

እግዜር ጤና አይንሳህ፤ ጉሮሮህን ከብርድ፣ ደረትህን ከሳል ይሰውርልህ። እኔ አለሁ። ጉልበቴ ከድቶኛል፤ ጆሮዬ ግን እንዳለ ነው። በሰባ አምስት ዓመቴ ዛሬም አይብ ቤቶቹ የሚጠሩት እኔን ነው። እንደ ድንጋይ የደረቀውን ድፍን አይብ በትንሿ መዶሻዬ ዙሪያውን መታ መታ አድርጌ፣ ውስጡ የተሰነጠቀውን ካልተሰነጠቀው እለያለሁ። ባለፈው ሳምንት ሁለት መቶ አርባ መታሁ፤ አንድ አልሳትኩም። ከከተማ አንድ የተማረ ልጅ መሣሪያ ይዞ መጥቶ ነበር። መሣሪያውን ይዞ ተመለሰ።

የምትጽፍልኝ እንደ ወትሮው መምህርት ኢሶሊና ናት፤ አንተን ፊደል ያስቆጠረችህ። ጡረታ ከወጣች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ቁጣዋ ግን ገና ሥራ ላይ ነው። "ይቺንም ልጻፋት?" አለችኝ አሁን። ጻፊያት ብያታለሁ። የምለውን ሁሉ ልትጽፍ ነው ውላችን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅዳሜ ዕለት ኔሎ ጫማ ሰፊው ጋዜጣ እያውለበለበ መጣብኝ። "ኤርሜቴ፣ ያንተ ቴኖር፣ ያ የኦፔራ ዘፋኝህ፣ ፓርማ ሊመጣ ነው፤ ታውቃለህ?" አለኝ። አላውቅም ከምል ምላሴ ቢቆረጥ ይሻለኛል። "ከአንተ በፊት ነው የማውቀው" ብዬ አባረርኩት። ከዚያ ኢሶሊናን አስጠርቼ አስነበብኳት። እውነት ሆኖ ተገኘ። ጃንዋሪ አሥራ ሰባት፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ። ሃያ ዓመት ባሕር ማዶ ዘፍነህ እኔ የምሰማው ሰው ሲያወራው ነው፤ ይኸው አሁን በአንድ የአውቶቡስ መንገድ ልትመጣልኝ ነው። ታዲያ ለምን ከጋዜጣ ሰማሁት?

ዋናው ቴኖር አለመሆንህን አውቃለሁ። ልጅቷን የሚያቅፋት ሌላ ነው። አንተ ሰካራሙ ነህ፣ ሰላዩ ነህ፣ በር ከፋቹ ነህ። ኔሎ በዚህ ሲስቅብኝ ኖሯል። "ያንተ ልጅ ዛሬ ለማን እራት አቀረበ?" ይለኛል። እኔም እለዋለሁ፦ "ዋናው ቴኖር ጉንፋን ቢይዘው ሌላ ቆንጆ ያመጣሉ። የኔ ልጅ ከታመመ ግን ያን ሰካራም ማን ይሆንላቸዋል?" ያኔ ወደ ጫማው ይመለሳል።

ግን ጋዜጣው አንድ ነገር ይላል። የጀልባ ቀዛፊውን ሽማግሌ ልትጫወት ነው አሉ። ሽማግሌው ደብዳቤ ያነባል፤ "በሁለት አህጉር ሰውን ከወንበሩ የጣለ ንባብ" ይላል ጋዜጣው። ደብዳቤ ማንበብ ምኑ ያስቃል? ኢሶሊናን ብጠይቃት "እኔ አላየሁት" አለች። አስቀድመህ ንገረኝ። ሰው ሁሉ ከሳቀ በኋላ የሚገባው ሰው መሆን አልወድም።

ከላይኛው ሰገነት አሥራ አራት ቦታ ያዝልን። ከዚህ በታች ያለችው መዶሻ የእኔ ፊርማ ናት፤ ራሴ ነኝ የሣልኳት።

አጎትህ ኤርሜቴ


ቦነስ አይረስ፣ ኖቬምበር 29 ቀን 1953

ለተከበሩ አጎቴ ለኤርሜቴ፤

ከሩቅ ሆኜ እጅ እነሣለሁ። ይህች ደብዳቤ ምድጃዎ ዳር ተቀምጠው፣ ጉልበትዎ ሞቆት እንድታገኝዎ እመኛለሁ። ለመምህርት ኢሶሊናም የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳቸው።

አዎ፣ እመጣለሁ። ያልጻፍኩልዎ ውሉ ገና ስላልተፈረመ ነው። አሁን ተፈርሟል። ሽማግሌው የቆየ ድርሻዬ ነው። እስካሁን መድረክ ላይ ሰባ ሰባት ሰው ሆኛለሁ፤ አንድም ቀን ግን ሙሽራ አልሆንኩም። የዘፈን አስተማሪዬ ገና በመጀመሪያው ቀን "ድምፅህ ቆንጆ አይደለም፤ ግን ውስጡ ሰው አለ" ብሎኝ ነበር። ያን ጊዜ አልቅሼ ነበር። ዛሬ እንጀራዬ እሱ ነው።

አጎቴ፣ ጃንዋሪ ለእርስዎ አይሆንም። ጭጋጉን ያውቁታል፤ የተራራው መንገድ በረዶ ይሆናል። የሰገነቱ ደረጃም ረጅም ነው። ፌብሯሪ ላይ ሞዴና ውስጥ አንካሳ ቄስ እጫወታለሁ። መልካም ዜማ አለው፤ ሰውም ያለቅሳል። ያን ቢያዩልኝ ይበልጥ ደስ ይለኛል። መኪና ልኬ ከደጅዎ አስወስድዎታለሁ።

ስለ ደብዳቤው ንባብ የጠየቁኝ ተራ ነገር ነው። ጋዜጠኞች ያጋንናሉ።

ከዚህ ጋር የሱፍ የአንገት ልብስ ልኬያለሁ።

ታዛዥዎ ሊቺኒዮ


ቬዝኖላ፣ ዲሴምበር 12 ቀን 1953

ለሊቺኒዮ፤

እግዜር ይጠብቅህ። የአንገት ልብሱ ደርሷል፤ ይሞቃል። ቀለሙ ግን የሴት ነው፤ ለኢሶሊና ሰጥቻታለሁ።

ሁለት ገጽ ጽፈህ የጠየቅሁህን አልመለስክም። ጭጋግ ትለኛለህ። እኔ በጭጋግ ተወልጄ በጭጋግ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ደረጃ ትለኛለህ። ያን ሰገነት አንተ ሳትወለድ ነው የወጣሁት፤ ዋናው ቴኖር አንድ ድምፅ ሲሰብር መጀመሪያ በተቃውሞ ያፏጨሁት እኔ ነኝ። አጠገቤ የነበረ ጠበቃ "አንተ ገበሬ፣ ምን ታውቅና ነው?" አለኝ። "ተሰንጥቋል" አልኩት። በሦስተኛው ገቢር ድምፁ ጭራሽ ጠፋ። ጠበቃው ወይን ጋበዘኝ።

ለሞዴና ቄስ አልመጣም። ቄስ እዚህም አለን።

አውቶቡስ ተከራይተናል። አሥራ አራት ያልኩህ ሃያ ሁለት ሆኗል፤ ኔሎም ከነሚስቱ ይመጣል። እስካሁን የሳቀብኝን ሁሉ እዚያ ላይ አስውጠዋለሁ። ስለዚህ ሃያ ሁለት ቦታ።

ደግሜ እጠይቅሃለሁ። ያ ሽማግሌ ደብዳቤውን እንዴት ነው የሚያነበው?

መዶሻዋ ይኸው። ብርድ ስለሆነ እጀታዋ ተጣሟል።

አጎትህ ኤርሜቴ


ጄኖቫ፣ ጃንዋሪ 5 ቀን 1954

ለተከበሩ አጎቴ፤

አዲሱ ዓመት የጤናና የሰላም ይሁንልዎ። ትናንት ከመርከብ ወርጃለሁ። ባሕሩ ደግ ነበር። ነገ ለልምምድ ወደ ፓርማ እሄዳለሁ፤ ከቴአትሩ ጀርባ ያለው የእንግዳ ማረፊያ ነው አድራሻዬ። ቦታዎቹን ይዣለሁ። ሃያ ሁለቱም በግራ በኩል፣ ሦስተኛውና አራተኛው ረድፍ ላይ ናቸው። በርትተው ይቆዩኝ።

የሚቀጥለው ለመምህርት ብቻ ነው።

መምህርት ሆይ፣ ይህን አያንብቡላቸው። ምክንያት ፈልገው ያስቀሩልኝ፤ ጉልበታቸው ይሁን፣ ሐኪም ይሁን፣ የፈለጉትን ይበሏቸው። እዚያ መድረክ ላይ የሚያዩት ሌላ ሰው አይደለም፤ ራሳቸውን ነው። አረማመዳቸውን፣ ሳላቸውን፣ ጢማቸውን ሳይቀር። ሽማግሌው ማንበብ አይችልም፤ የሚያነብ መስሎ ደብዳቤ ያነባል። እንዴት እንደሚደረግ ያየሁት ከእሳቸው ነው። ባሳደጉኝ ሰው ላይ ሃያ ዓመት ሙሉ ሕዝብ ሳስቅባቸው ኖሬአለሁ። ባሕር ማዶ እስካለሁ ድረስ ማንም አያውቃቸውም ብዬ ነበር። አሁን ግን ሃያ አንድ የሚያውቃቸው ሰው ይዘው መጥተው ሊቀመጡ ነው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ይህን ቢያዩ ዳግመኛ ዓይኔን አያዩትም። እለምንዎታለሁ።

ሊቺኒዮ


ቬዝኖላ፣ ጃንዋሪ 9 ቀን 1954

ለሊቺኒዮ፣ ፓርማ፤

እንኳን በሰላም ገባህ።

ኢሶሊና ደብዳቤህን ስታነብልኝ "በርትተው ይቆዩኝ" ካለች በኋላ ቆመች። ወረቀቱን አጣጠፈች። "አለቀ" አለችኝ።

"አላለቀም" አልኳት።

"አለቀ እኮ ነው የምልዎ።"

"ኢሶሊና፣ ዓይንሽ ወደ ታች መውረዱን አላቆመም፤ አፍሽ ነው ያቆመው። ውስጡ ባዶ የሆነ አይብ ስመታ የምሰማውን ነው አሁን የሰማሁት። የዘለልሽውን አንብቢ።"

"ለእርስዎ የተጻፈ አይደለም።"

"ስለ እኔ የተጻፈ ነው?"

መነጽሯን አወለቀች። ይቺ ሴትዮ ሠላሳ አምስት ዓመት ልጅ ስታስተምር አንድ ውሸት አልተማረችም። ወይም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። መነጽሯን ጠረገች፣ እንደገና ጠረገች፣ ከዚያ አነበበችልኝ። ሁሉንም።

ስማ። ማንበብ አለመቻሌን ቬዝኖላ ውስጥ ውሻ እንኳ ያውቀዋል። እሱን አላፍርበትም። አንተ ግን አስቀድመህ ጠይቀህኝ ብትወስድ እኔው ራሴ አሳይህ ነበር። ሰርቀህ ወሰድከኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ በማላውቀው አገር፣ የማላውቀው ሰው ሲስቅብኝ እኔ እዚህ ለአንተ ጉሮሮ ሻማ አበራለሁ። ከዚያም አልፎ እንዳልመጣ ሴትዮዋን ልታስዋሽ!

እመጣለሁ። ሃያ ሁለታችንም እንመጣለን። ለሌሎቹ አልነገርኳቸውም፤ ኢሶሊናም አትናገርም። ያ ሽማግሌ እኔ ከሆንኩ አየዋለሁ። ሞኝ አድርገኸኝ ከሆነ ግን ያ ሰገነት ሲያፏጭ ታውቀዋለህ፤ መጀመሪያ የማፏጨው እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲያ ደብዳቤ እንዳትጽፍልኝ፤ የሚነበብልኝም አይኖርም።

መዶሻዬን አጥብቄ ነው የሣልኳት፤ ወረቀቱን በስታለች።

ኤርሜቴ


ፓርማ፣ ጃንዋሪ 20 ቀን 1954

ለአጎቴ ለኤርሜቴ፤

እንደምን ሰነበቱ ለማለት እጄ ይፈራል። ግን እንደምን ሰነበቱ?

እሑድ ዕለት በጎን በር ቆሜ ጠበቅኋችሁ። ልብሴን ሳልቀይር፣ የእርስዎን ጢም ፊቴ ላይ እንደለጠፍኩ። ሰው ሁሉ ወጥቶ አለቀ። በረኛውን ጠየቅሁት። "የተራራዎቹን ሰዎች ነው? የመጨረሻውን ገቢር እንኳ ሳያዩ ነው አውቶቡሳቸው የወጣው። ምን ሆነው ነው? ማንም እንዲህ ሲስቅ አላየሁም፤ ከዚያ ድንገት ሰው የሞተባቸው መስለው ወረዱ" አለኝ።

እኔም ሰምቼዋለሁ። መድረክ ላይ ሆነን የምንሰማውን ሰው አያምነንም፤ ግን እንሰማለን። ቤቱ በሙሉ ሲስቅ በግራ በኩል፣ ከላይ፣ አንድ ቦታ ሳቁ ቆመ። መጀመሪያ አንድ ሰው፣ ከዚያ አጠገቡ፣ ከዚያ ረድፉ። ጣሪያው እዚያ ጋ የተነደለ መሰለኝ። ፉጨቱን ጠበቅሁ። ቢያፏጩብኝ ምንኛ በቀለለኝ! አላፏጩም።

አጎቴ፣ ይስደቡኝ። ምን ብዬ ይቅርታ እንደምጠይቅ አላውቅም። አንድ መስመር ይላኩልኝ።

ሊቺኒዮ


ሞዴና፣ ፌብሯሪ 14 ቀን 1954

ለአጎቴ፤

ጤና ይስጥልኝ። የቀደመው ደብዳቤዬ ደርሶ እንደሆን አላውቅም። ወደ ቬዝኖላ ልመጣ ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ሁለት ጊዜ ተመለስኩ፤ በር ይዘጉብኛል ብዬ ፈራሁ። ሊዝበን በሜይ ያንኑ ሽማግሌ እንድጫወት ውል ልከውልኛል። አልፈረምኩም። እርስዎ ካልተናገሩ አልፈርምም።

ሊቺኒዮ


ቬዝኖላ፣ ፌብሯሪ 20

ሊቺኒዮ፣ ይህን ሳያዝዙኝ ነው የምጽፍልህ። ሰውየው ደህና ናቸው። አይብ እየመቱ ነው። ሁለቱንም ደብዳቤህን አንብቤላቸዋለሁ፤ "አስቀምጪው" ብለው መዶሻቸውን ያነሣሉ። ትናንት ስገባ አሮጌውን ሣጥናቸውን ከፍተው መሬት ላይ ተቀምጠው ነበር። ታገሥ። ኢሶሊና።


ቬዝኖላ፣ ማርች 7 ቀን 1954

ለሊቺኒዮ፤

ሰላምታውን ኢሶሊና ከራሷ ትጨምርበት፤ እኔ ዛሬ ሰላምታ ላይ አይደለሁም።

ተቀይሞ ነው ዝም ያለኝ ብለህ ይሆናል። ተቀይሜአለሁ። አንተ ባሰብከው ነገር ግን አይደለም።

መጋረጃው ተከፈተ፤ ወጣህ። በሁለተኛው እርምጃህ አወቅሁህ፤ ያ እግር የኔ ነው። ጀልባዋን በጣትህ አጥንት መታ መታ አድርገህ እንጨቷ መበስበስ አለመበስበሷን ለመስማት ጆሮህን ስታስጠጋ ኔሎ እጅጌዬን ያዘኝ። "ኤርሜቴ! አንተ እኮ ነህ!" አለ። "እኔማ እዚህ ነኝ፤ እሱ የወንድሜ ልጅ ነው" አልኩት። የኔሎ ሚስት ሳቋ አንቆ ሊገድላት ነበር። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም ሳቅሁ። ሊያፏጭ የመጣው አፌ ሳቀ። ሞኝ አላደረግኸኝም። ኩሩ ሽማግሌ ነው ያደረግኸው፤ ልክ ነው።

ከዚያ ደብዳቤው መጣ። አውራ ጣትህን በምራቅ አራስክ። ልክ ነው። ወደ ብርሃኑ ሄድክ። ልክ ነው። "ይህ ሰውዬ ጽሕፈቱ ዶሮ የጫረው ነው" አልክ፤ ቃሌ ነው። እንባዬን እየጠረግሁ ነበር።

ከዚያ ወረቀቱን ገለበጥከው። ጽሑፉን ወደ ሰው አዞርከው፣ ባዶውን ወደ ራስህ አደረግኸው፤ ከባዶው ላይ ማንበብህን ቀጠልክ።

ሰገነቱ ሊፈርስ ደረሰ። የኔ ሳቅ ቆመ። ኢሶሊና ፊቴን አይታ ዝም አለች፤ ኔሎ እሷን አይቶ ዝም አለ። "ውጡ" አልኳቸው። ለምን ብሎ የጠየቀኝ የለም። ኔሎ እንኳ ባርኔጣውን ይዞ ከኋላዬ ወረደ።

እኔ በሕይወቴ ለብዙ ሰው ያነበብኩ መስያለሁ። ለአይብ ነጋዴ፣ ለግብር ሰብሳቢ። ወረቀት ገልብጬ ከባዶው ያነበብኩት ግን አንድ ደብዳቤ ብቻ ነው። አንተና እኔ ብቻ የነበርንበት ቤት ውስጥ። ሠላሳ ሰባት ዓመቱ ነው፤ አንድም ቀን አንሥተነው አናውቅም። ዛሬ ላንሣው።

ጃንዋሪ ነበር። አባትህ ሴስቶ በታላቁ ጦርነት ካርሶ ግንባር ነበር። ደብዳቤው ከክፍለ ጦሩ መጣ። የሰፈራችን ቄስ ዶን ኤርሲሊዮ ጋ ወስጄ አስነበብኩት፤ ቄሱ አንብቦ ወንበር አቀረበልኝ። አንተ በትኩሳት ከተኛህ አሥራ አንደኛ ቀንህ ነበር። እናትህ ስትወልድህ ነው የሞተችው፤ ከአባትህ ሌላ የምትጠራው ሰው አልነበረህም። ሐኪሙ "ልጁን የሚያስደነግጥ ነገር እንዳታሰሙ" ብሎ ሄዷል። አንተ ግን ፖስተኛውን በመስኮት አይተኸዋል። ስገባ "አባዬ ነው? አንብቡልኝ" አልከኝ።

መስኮቱ ጋ ቆምኩ። አነበብኩልህ። አባትህ ደህና ነው፣ ትኩስ ሾርባ ያገኛል፣ በቅሎ ሰጥተውታል፣ በቅሎዋ ዘፈን ትወዳለች። ጽሑፉ አምስት መስመር ነበር። የኔ ወሬ ረዘመ። አምስት መስመር ይህን ሁሉ አይሸከምም ብዬ ገለበጥኩት። ጀርባው ባዶ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ማንበብ አልችልም እንጂ ዕውር አይደለሁም። ልጁ ፊደል አያውቅም፣ የሚያየው ፊቴን ነው ብዬ ነው።

ባዶው ወደ እኔ ሲዞር ጽሑፉ ወደ ማን እንደዞረ ለማሰብ ሠላሳ ሰባት ዓመትና አንድ የቴአትር ወንበር አስፈለገኝ።

በሚቀጥለው እሑድ "ድገሙልኝ" ስትለኝ ፈርቼ ኢሶሊና ጋ ሄጄ ነበር። አሁንም እዚሁ እየጻፈች ጠየቅኋት።

"ያኔ ልጁ ምን ያህል ያነባል ብዬሽ ምን አልሽኝ?"

"አምስት ፊደል ብቻ ያውቃል አልኩዎ።"

"እውነት ነበር?"

ብዕሯን አስቀመጠች። "ኤርሜቴ፣ ያኔ የሃያ ዓመት ልጅ ነበርኩ። እርስዎ ደጄ ላይ ቆመው ባርኔጣዎን በእጅዎ እየጠመዘዙ 'ብዙ አያነብም አይደል?' ነው ያሉኝ። እንደ ለማኝ። ምን ልበልዎ? ከክፍሉ ሁሉ ቀድሞ ያነበበው እሱ ነበር።"

እንግዲህ ይቺም መዋሸት ትችል ኖሯል። ጻፊው ብያታለሁ፤ እየጻፈችው ነው።

ለፋሲካ ማግስት፣ ከዳንክ በኋላ፣ አባትህ ሞቷል ብዬ ነገርኩህ። አላለቀስክም። ልቡ ድንጋይ ነው ብዬ ብዙ ዓመት አዘንኩብህ።

ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቅህ፤ እንደ በፊቱ በጭጋግና በደረጃ እንዳትሸሸኝ። አይተኸዋል ወይስ አላየኸውም?

ኤርሜቴ


ጄኖቫ፣ ማርች 15 ቀን 1954

አይቼዋለሁ።

አጎቴ፣ ሰላምታዬን ከዚህ በኋላ ይቀበሉኝ። አይቼዋለሁ። ብርሃኑ ከኋላ ስለነበር ፊደሎቹ ጥቁር ሆነው ይታዩ ነበር። ሁሉንም አላነበብኩም። የአባቴን ስም አንድ በአንድ ቆጥሬ ለየሁት። ከዚያ ከታች "ወድቋል" የሚለውን። መጀመሪያ ከበቅሎዋ የወደቀ መስሎኝ ነበር። ከዚያ የእርስዎን ፊት አየሁት።

ለምን ዝም አልክ ይሉኝ ይሆናል። እርስዎ በሌላ ጊዜ ከሦስት ቃል በላይ አይናገሩም ነበር። ያን ቀን ግን አባቴን በአፍዎ አስገብተው እንዲያ ሲያናግሩት ጊዜ፣ "ሞቷል እኮ" ብል ያን ጊዜ የሚሞት መሰለኝ። ስለዚህ በየእሑዱ "ድገሙልኝ" አልኩዎ። በየእሑዱ ትንሽ ይጨምሩበት ነበር። ኮሎኔሉ መጣ፣ ከዚያ የኮሎኔሉ ጫማ ጠፋ፣ ከዚያ በቅሎዋ ተሸለመች። የበቅሎዋን ስም ዛሬም አልረሳሁትም። ለፋሲካ ማግስት ሲነግሩኝ ያላለቀስኩት ልቤ ድንጋይ ሆኖ አይደለም። ሦስት ወር ሙሉ ከብርድ ልብሱ ሥር አልቅሼ ስለጨረስኩ ነው።

መድረክ ላይ አስቤ አላመጣሁትም። ሮሳሪዮ ከተማ፣ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ ትንሽ ድርሻ፣ ትንሽ ቴአትር። "ሽማግሌው ደብዳቤውን ያነባል" ይላል የቴአትሩ መጽሐፍ፤ ሌላ ምንም አይልም። መስኮቱ ጋ ሄድኩና እጄ ወረቀቱን በራሱ ገለበጠው። ሰዉ ሳቀ። ደነገጥኩ። ለካ ያስቃል! ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ አጥቼ አላውቅም። ሰባ ሰባት ሰው ሆኜ፣ ሕዝብ የሚያስታውሰኝ በዚያች አንዲት እጅ ነው። በሳቁ ቁጥር ግን እኔ የማየው ጽሑፉን ነው፤ ወደ እነሱ የዞረውን።

ሊዝበንን እተወዋለሁ። ሽማግሌውንም እተወዋለሁ። የእርስዎ ነው፤ ይውሰዱት።

ሊቺኒዮ


ቬዝኖላ፣ ማርች 24 ቀን 1954

ለልጄ ለሊቺኒዮ፤

እግዜር እስከዛሬ ያቆየህን ያህል ደግሞ ያቆይህ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴም እንደ አመሉ ነው።

ደብዳቤህን ኢሶሊና ሦስት ጊዜ አነበበችልኝ። በሦስተኛው "ከዚህ በኋላ ድምፄ አይወጣም" ብላ ወደ ቤቷ ሄደች። ዛሬ ተመልሳ መጥታለች፤ ያንተን የአንገት ልብስ ለብሳ።

ሊዝበንን እንዳትተው። ምን ያለ ነገር ነው? ሰርቀህ የወሰድከኝን አሁን ሰጥቼሃለሁ። ሄደህ ተጫወተው፤ ይሳቁ። እኔም ስቄአለሁ። ግን አንድ ስሕተት አለብህ፤ ከእኔ ሌላ የሚነግርህ ሰው ስለሌለ ልንገርህ። ስታነብ ወረቀቱን ታያለህ። እኔ ወረቀቱን አንድም ጊዜ አላየሁትም። ምን አለኝና አያለሁ? አንተን ነበር የማየው። ፊትህ ሲያዝን በቅሎዋን አመጣለሁ፣ ስትስቅ ኮሎኔሉን እጨምራለሁ። ሰባ ሰባት ሰው የሆነ ሰው ይህን እንዴት ይስታል? አስተካክለው።

ያ ወረቀት ሣጥኔ ውስጥ አለ። አይጥ ጠርዙን በልቶታል፤ ጽሑፉን አልነካውም። ከዶን ኤርሲሊዮ ወዲህ ማንም አንብቦልኝ አያውቅም፤ እሱም ያኔ ስለቸኮለ ግማሹን አልሰማሁትም። ኢሶሊና "ላንብብልዎ" ብላኝ ነበር። አይሆንም አልኳት።

ለፋሲካ ና። ኔሎ ጣቢያ ድረስ መጥቶ ይቀበልሃል፤ ከዚያ ወዲህ ስለ እራት ማቅረብ አንድ ቃል አልወጣውም። ቤት ስትገባ አልጋው ዛሬም እዚያው ነው፤ መስኮቱም። አንተ መስኮቱ ጋ ትቆማለህ። በጽሑፉ በኩል ያለውን ለእኔ ታነብልኛለህ፤ የወንድሜን ነገር እንደተጻፈ፣ ምንም ሳትጨምር፣ ምንም ሳትዘል። ብትዘል አውቅብሃለሁ።

ከዚያ ወረቀቱን ለእኔ ስጠኝ። ጀርባውን እኔ አነብልሃለሁ።

የበቅሎዋን ስም አስቀድመህ እንዳትነግረኝ።

መዶሻዋ ይኸው፤

አጎትህ ኤርሜቴ